ዜሮ መንገደኛ የተመዘገበባት ጣቢያችን

ለተከበሩ የመንገደኞች ባቡር አገልግሎት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በገዛ እጄ የጻፍኳቸውን ሦስት ዜሮዎች መልሼ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን ነገር እጠይቃለሁ። እርስዎን ራስዎን ለመጠየቅ ሁለት ጊዜ እስከ ጸሐፊዎ ጠረጴዛ ድረስ መጥቼ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ፣ በግቢው ጥላ ሥር መኪናዎን ሲወለውል ያገኘሁትን ሾፌርዎን ብጠይቀው፣ "እሳቸውማ ምን ይሆናሉ ብለሽ ነው" ብሎ አረጋግጦልኛል። በዚህ ከልብ ተደስቻለሁ። ጤናዎ ይሰንብት፣ ወንበርዎ ይመችዎ፣ ሊፍቱም እንደ ባቡራችን ሳይሆን በጠሩት ቁጥር ይምጣልዎ።

እኔ ባለፈው ዓመት በስታቲስቲክስ በማዕረግ ተመርቄ፣ ከስድስት ወር ማመልከቻ በኋላ በመሥሪያ ቤትዎ ለሦስት ወር በኮንትራት የተቀጠርኩ የመንገደኛ ቆጣሪ ነኝ፤ እስከዚህ ደብዳቤ መጨረሻ ድረስም እንደዚያው ነኝ። ፊቴን ላያስታውሱት ይችላሉ። የቆጠራው ሥራ ሲከፈት ብርቱካንማ አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሰን ከተሰለፍነው ሃያ ስምንት ልጆች መካከል፣ ከፊት ቆማ በንግግርዎ መሃል ማስታወሻ ስትይዝ የነበረችው እኔ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ የመንገደኛ ባቡር በምን ገንዘብ ይደገፍ፣ እንዴትስ ይሻሻል የሚል ነበርና፣ እርስዎ "ቁጥር ከሌለ ገንዘብ የለም" ሲሉ ከሁሉም በላይ ያጨበጨብኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ሰደርያው የተሰጠኝ ዕለት ቤት ገብቼ ሳላወልቀው ምሳ በላሁ። ጎረቤቶቻችን መንገድ ሥራ የገባሁ መስሏቸው አዘኑልኝ።

መቁጠር የተማርኩት ከትምህርት ቤት በፊት በባቡር ጣቢያችን ነው። እናቴ ከሥራ ስትመለስ ለመቀበል እየሄድኩ፣ የፉርጎ መስኮት ስቆጥር አደግኩ። ያኔ ፉርጎዎቹ አምስት ነበሩ፤ በኋላ አራት ሆኑ፣ በኋላ ሦስት፣ አሁን ሁለት። መቀነስንም የተማርኩት እዚያው ነው።

ይህን ደብዳቤ በንዴት የጻፍኩት እንዳይመስልዎ። ንዴቱ የነበረው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። አሁን ያለው ነገር ክንድ ሲደነዝዝ እንዳለው ዓይነት ነው፤ የራስ መሆኑ ይታወቃል፣ ሲነኩት ግን የሌላ ሰው ይመስላል። ስለዚህ ነገሩን በተራ ቁጥር አስቀምጬዋለሁ። በቁጥር ሲሆን እጄ ሳይታዘዘኝ ቀርቶ አያውቅም።

1ኛ. ስለ ቅጹ።

መሥሪያ ቤትዎ ላዘጋጀው የቆጠራ ቅጽ ያለኝን አድናቆት ልገልጽ እወዳለሁ። ወረቀቱ ወፍራም ነው፣ ማኅተሙም ቢታሽ አይለቅም። አምስት ዐምዶች አሉት፤ ቀን፣ የባቡር ቁጥር፣ የተሳፈረ፣ የወረደ፣ እንዲሁም ሁለት ጣት የምትሰፋ "አስተያየት" የምትባል። በሥልጠናው ዕለት እጄን አውጥቼ፣ ባቡር የሚጠብቁትን ሰዎች የትኛው ዐምድ ላይ እንደምንጽፋቸው ጠየቅኩ። የክፍል ኃላፊዬ ትዕግሥተኛ ሰው ናቸው፤ "የኔ ልጅ፣ ጣቢያ የቆመ ሁሉ መንገደኛ አይደለም፤ ሊያወራ የሚመጣም አለ፣ ከዝናብ ሊጠለል የሚመጣም አለ፤ እግሩ ፉርጎ ውስጥ ሲገባ ያን ጊዜ አንድ ትያለሽ" ብለው አስረዱኝ። ትልቅ መርሕ ስለመሰለኝ ደብተሬ ላይ ሁለቴ አሰመርኩበት።

2ኛ. ስለ ሞተሩ።

የቆጠራው ቀናት ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ እንዲሆኑ ተወስኖ፣ እኔ በተወለድኩበት ሰፈር፣ ከከተማው በባቡር አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ በሚርቀው ጣቢያ ተመደብኩ። ከቤቴ በእግር ስምንት ደቂቃ ስለሆነ ስለ ምደባው በግል አመሰግናለሁ። በመስመራችን ላይ ያለው ጎታች ሞተር አንድ ብቻ መሆኑን ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ያው አንድ ሞተር ሰኞ ከሰዓት በኋላ ከነሁለት ፉርጎው ወደ ዋናው ጣቢያ ተጠርቶ፣ ታጥቦ፣ አፍንጫው ላይ አበባ ተስሎበት፣ የመንገደኞች ባቡርን ስለመደገፍና ስለማሻሻል በተዘጋጀው የምክክር ጉባኤ አዳራሽ ፊት ለፊት ለሦስት ቀናት ቆመ። የትኞቹ ሦስት ቀናት እንደነበሩ ለእርስዎ መንገር ድፍረት ይሆንብኛል።

ጉባኤው እጅግ የተሳካ እንደነበር ከመሥሪያ ቤቱ መጽሔት አንብቤያለሁ። በሽፋኑ ላይ ያለው ፎቶግራፍም ደስ ይላል፤ እርስዎ በግራ እጅዎ የፉርጎውን መያዣ ይዘው፣ አንዱን እግርዎን ደረጃው ላይ፣ ሌላውን ፉርጎው ውስጥ አድርገው ፈገግ ብለዋል። በክፍል ኃላፊዬ መርሕ መሠረት፣ በእነዚያ ሦስት ቀናት በመስመራችን ባቡር የተሳፈሩት ብቸኛው መንገደኛ እርስዎ ነዎት። እንኳን ደስ አለዎት።

3ኛ. ስለ ጣቢያችን ኃላፊና ስለ ስክሪናቸው።

የጣቢያችን ኃላፊ በሰፈሩ የሚታወቁት "ትንሽ ደቂቃ" በሚል ስም ነው። ባቡሩ ሲዘገይ ለሃያ ሁለት ዓመት ከዚህ ሌላ መልስ ሰጥተው አያውቁም፤ ሌላ መልስ የነገራቸው የለማ። ሞተሩ ለጉባኤ መሄዱንም የነገራቸው አልነበረም። የባቡሩን መድረሻ ሰዓት የሚያሳየው ዘመናዊ ስክሪን ጣቢያችን ከገባ ስምንት ወር ሆኖታል፤ ነገር ግን የሚሰካበት ሶኬት ስላልተላከ ካፖርታቸውን ይሰቅሉበታል። ካፖርቱ ካለ እሳቸው አሉ፣ ካፖርቱ ከሌለ ወደ ቤታቸው ሄደዋል ማለት ነውና ስክሪኑ መረጃ አይሰጥም ብሎ መሥሪያ ቤቱን መውቀስ ግፍ ይሆናል።

ማክሰኞ ጠዋት ከስልኩ ጋር አርባ ደቂቃ ታግለው፣ የሚያነሳ ሲጠፋ ወደ መድረኩ ወጥተው እንደ ልማዳቸው "ትንሽ ደቂቃ ነው" አሉ። ረቡዕ ጠዋት፣ ከተማ ላለ ደንበኛው የሠራውን የእንጨት በር ማክሰኞ ተሸክሞ መጥቶ ተሸክሞ የተመለሰው አናጢ ያንኑ በር እንደተሸከመ፣ "ጋሼ፣ ይቺ የትናንቷ ትንሽ ደቂቃ ናት ወይስ አዲስ ናት?" ብሎ ቢጠይቃቸው፣ ሳይስቁ "አዲስ ናት፤ የትናንቷ አልቃለች" አሉት። መድረኩ በሙሉ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ።

ሰደርያዬን ያየ ሁሉ ደግሞ ወደ እኔ ይመጣ ነበር። "እህቴ፣ አንቺ የነሱ ሰው አይደለሽ፣ የት አደረሳችሁት?" የሚለኝ ብዙ ነው። አናጢው በበኩሉ፣ በሩም ቦታ ስለሚይዝ ሁለት ሰው አድርጌ እንድጽፈው ለመነኝ። ካልተሳፈረ አንድም እንደማላደርገው፣ ደንቡ እንደዚያ እንደሆነ በትሕትና አስረዳሁት። በሩን አቁሞ ተደገፈበትና ትንሽ አየኝ። "አሃ፣ ተምረሻል ማለት ነው" አለ።

4ኛ. አሁን ከማልወደው ቁጥር ደረስኩ።

እናቴ በከተማው ትልቅ ሆስፒታል የልብስ ንጽሕና ክፍል ውስጥ አንሶላ ትተኩሳለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚያች ባቡር ሄዳ በዚያች ባቡር እየተመለሰች ነው እኔን ያስተማረችኝ። ባቡሩ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ ሲነሳ፣ ሥራዋ ሁለት ሰዓት ስለሚጀምር፣ ከባቡር ወርዳ ሃያ ደቂቃ በእግር ሄዳ እንኳ አሥር ደቂቃ ቀድማ ትደርሳለች። በሚኒባስ ከሆነ ግን የመጀመሪያው መኪና እስኪሞላ ጠብቃ፣ ሁለት ቦታ ወርዳ፣ ሁለት ቦታ ተሰልፋ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ትደርሳለች፤ ያን ጊዜ አለቃዋ የመተኮሻ ማሽኑን ለሌላ ሰው ሰጥታዋለች። በቆጠራው ሦስት ቀናት የሆነውም ይኸው ነው። አንድ ቀን ብትደግመው ከሥራዋ እንደምትሰናበት በጽሑፍ ተነግሯታል።

ማክሰኞ ዕለት፣ ሁልጊዜ በምትቆምበት ቦታ ሦስተኛው ምሰሶ አጠገብ ቆማ ነበር። እኔን በሰደርያ ስታይ ሻሿን አስተካከለች፤ ከዚያ በዙሪያዋ ላሉት ሁሉ "ልጄ ናት፤ ሁላችንንም ልትጽፈን ነው የመጣችው" ትል ጀመር። ሐሙስ ዕለት ባቡሩ እንደማይመጣ ቁርጡ ሲታወቅ ወደ እኔ ቀረብ ብላ፣ ሰው እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ጻፍሽኝ?" አለችኝ። "ገና ነው እማ" አልኳት። "ግድ የለም፣ ሥራሽን ሥሪ" ብላኝ ወደ ሚኒባሱ ሰልፍ ሄደች።

በዚያን ዕለት መድረኩ ላይ መቶ አርባ ሦስት ሰው ነበር፤ በራሴ ማስታወሻ ደብተር ቆጥሬዋለሁ። በቅጹ ላይ ግን "የተሳፈረ" በሚለው ዐምድ ሥር ለሦስቱም ቀን ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ጻፍኩ። በጠባቧ የአስተያየት ዐምድ ደግሞ በጥቃቅን ፊደል "ባቡሩ አልመጣም፤ ብዙ ሰው ጠብቋል" ብዬ ጨመርኩ። የክፍል ኃላፊዬ ቅጹን መለሱልኝ። ኮምፒውተሩ ፊደል እንደማይቀበል፣ አስተያየት የተጻፈበት ቅጽ ሪፖርት ውስጥ እንደማይገባ፣ የእኔም ኮንትራት በዚያው ሳምንት እንደሚታይ ነግረውኝ፣ "ንጹሕ አድርገሽ ገልብጪውና ፈርሚበት፤ ነገ እዚሁ ነው የምታድጊው" አሉኝ።

ገለበጥኩት። ፈረምኩበት። ማንም እጄን አልጠመዘዘም፤ እንዲያውም የእጅ ጽሑፌ እንዲያምር ተጠንቅቄ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በትኬት መሸጫው መስኮት ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ከሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ባቡሩ በጣቢያችን እንደማይቆም፣ ምክንያቱም በሳይንሳዊ መንገድ በተካሄደው ቆጠራ የተመዘገበው መንገደኛ ዜሮ እንደሆነ ይገልጻል። ለግልጽነት ሲባል የቅጹ ቅጂ ከሥሩ ተያይዟል፤ ስለ ግልጽነቱ አመሰግናለሁ። ባቡር የሚጠብቀው ሰው ተራ በተራ እየቀረበ እዚያ እንደሌለ አነበበ። እናቴ መነጽሯን ከቦርሳዋ አውጥታ እስከ ታች ድረስ አንብባ፣ ፊርማዬ ላይ ስትደርስ ቆየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "ፊርማሽ ያምራል" አለችኝ። መነጽሯንም ወደ ቦርሳዋ መለሰች።

ከሆስፒታሉ አጥር ጀርባ፣ ስድስት ሴቶች በሚኖሩበት ክፍል አንድ አልጋ ተከራይታለች። ከወሩ መግቢያ ጀምሮ እዚያ እያደረች በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ወደ ቤት ትመጣለች። ቦርሳዋን ስታዘጋጅ አየኋት፤ የምትወስዳቸውን ሁለት ቀሚሶች ልክ እንደ ሆስፒታል አንሶላ አራት ማዕዘን አድርጋ አጥፋቸው ነበር። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ምንም አልተሰማኝም። ይህም እንደ አንድ አቤቱታ ይያዝልኝ።

5ኛ. ስለ ገንዘቡ።

በጉባኤው ማጠቃለያ ሰነድ ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ፣ ለመስመራችን ማሻሻያ ተይዞ የነበረው ገንዘብ "ፍላጎታቸው በቁጥር ወደተረጋገጠ መስመሮች" እንዲዛወር ተወስኗል። በትክክል ገብቶኝ እንደሆነ እርስዎ ያርሙኝ። ሞተሩ አንድ ስለሆነ ባቡሩ ይቀራል፤ ባቡሩ ስለቀረ ሰው አይሳፈርም፤ ሰው ስላልተሳፈረ ሁለተኛ ሞተር አያስፈልግም። ሀገራችን እንዲህ ክብ ሆኖ የተሠራ ሐዲድ እንዳላት አላውቅም ነበር፤ ሳያቋርጥ የሚሠራው መስመርም እሱ ብቻ ይመስለኛል።

ወጣትነት አያስቀምጥምና፣ ሳልጠየቅ ጥቂት ሐሳብ ልጨምር። ለጥገና ብቻ የሚውል፣ በየዓመቱ ከበጀቱ ላይ ተነጥሎ የሚቀመጥ፣ ለጥናትም ለጉባኤም የማይነካ ገንዘብ ይኑር። ሁለተኛ ሞተር መግዛት ካልተቻለ፣ በዋናው ጋራዥ አንድ ዕቃ ጎድሎት ለአራት ዓመት የቆመው ይጠገን፤ የጋራዡ መካኒክ የጎደለው ዕቃ ምን እንደሆነና ሥራው ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጽፎ ሰጥቶኛል፣ አባሪ ሆኗል። ሥራው አሥራ አንድ ቀን ነው፤ ይህን አራት ዓመት ሙሉ የጠየቀው ሰው ባለመኖሩ እኔን ሲያይ ወንበር ስቦ አስቀምጦኛል። የቀረ ባቡር እንደ ቀረ ይመዝገብና በየወሩ በየጣቢያው ይለጠፍ። የጣቢያ ኃላፊዎች ሲደውሉ ስልክ የሚያነሳ አንድ ሰው ይቀጠር፤ የማውቃቸው ሥራ ፈላጊ ምሩቆች ብዙ ናቸው፣ ስልክ ማንሳትም ይችላሉ። በቅጹ ላይ ደግሞ "የጠበቀ" የሚል ስድስተኛ ዐምድ ይጨመር፤ ወጪው የአንድ መስመር ቀለም ነው።

ይህችን አንቀጽ ስጽፍ ብቻ ክንዴን ትንሽ ነዘረኝ።

6ኛ. ይህኛው አቤቱታ ሳይሆን ሪፖርት ነው።

ሞተሩ አበባው እንደተሳለበት ወደ ሥራው ከተመለሰ በኋላ ያለ ደመወዝ የሦስት ቀን ፈቃድ ጠየቅኩ። የክፍል ኃላፊዬ ምክንያቱን ሲጠይቁኝ "የቤተሰብ ጉዳይ" አልኳቸው፤ አልዋሸሁም። ሰደርያውን ሳልለብስ፣ ስድስት ዐምድ አድርጌ በማስመሪያ የሠራሁትን ቅጽ ይዤ፣ እንደ ፊተኛው ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ በዚያው መድረክ ላይ ቆምኩ። የጠበቀ፦ መቶ ሃምሳ አንድ፣ መቶ አርባ ስምንት፣ መቶ ሃምሳ ስድስት። የተሳፈረ፦ መቶ ሃምሳ አንድ፣ መቶ አርባ ስምንት፣ መቶ ሃምሳ አምስት። ሐሙስ ዕለት ጠብቀው ያልተሳፈሩት ትንሽ ደቂቃ ናቸው፤ ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ አንድ ቀን እንኳ ልቆጠር ብለው ካፖርታቸውን ለብሰው ከመንገደኛው ጋር ተሰልፈው ነበር። እያንዳንዱ ሰው በተራ ቁጥሩ ትይዩ ፈርሟል። አናጢው በሩን በሰላም አድርሷል፤ አንድ ብዬ መዝግቤዋለሁ፣ ሁለት ይገባኝ ነበር ብሎ ቅሬታውን አስይዟል።

ስለዚህ ሦስቱን ዜሮዎች በአክብሮት እንዲመልሱልኝ እጠይቃለሁ። የእኔ ናቸው፤ በእነሱ ላይ ተመሥርቶ ጣቢያ እንዲዘጋ አልፈቅድም። ቆጠራው ባቡር በሚመጣበት ቀን እንዲደገም፣ እስከዚያም ባቡሩ መቆሙን እንዲቀጥል እለምናለሁ። የኮንትራት ማራዘሚያ ደብዳቤዬ ማስታወቂያው በተለጠፈ ማግስት ደርሶኛል፤ ወደ ቋሚነት የመለወጥ ተስፋ እንዳለውም ተጽፎበታል። ሳልፈርምበት ከዚህ ጋር አያይዤ መልሻለሁ። ፊርማዬ እንደሚያምር ስለተነገረኝ ከእንግዲህ የት እንደማሳርፈው እመርጣለሁ። ሰደርያውም ታጥቦ ከፖስታው ጋር ተልኳል፤ አራት ማዕዘን ሆኖ የታጠፈው በባለሙያ እጅ ነው።

ውድ ጊዜዎን በመሻማቴ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ዕድሜዎ እንደ መንገደኞችዎ ትዕግሥት እንዲረዝም፣ መልስዎ ግን እንደ ባቡርዎ እንዳይዘገይ እየተመኘሁ፣ ወንበርዎን፣ ሊፍትዎንና ፎቶግራፍዎን በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

(ፊርማ)
የሦስቱ ዜሮዎች ባለቤት፣ የአንሶላ ተኳሿ ልጅ
ይህ ፊርማ በትኬት መሸጫው መስኮት ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ማመሳከር ይቻላል።

ግልባጭ፦
ለክፍል ኃላፊዬ (ፊደል ስላለበት ወደ ኮምፒውተሩ ባይገባ አልቀየምም)
ለጣቢያችን ኃላፊ (በስክሪኑ ላይ፣ ከካፖርቱ ሥር)
ለመንገደኞች (በትኬት መሸጫው መስኮት፣ ከማስታወቂያው ጎን)

ድኅረ ጽሑፍ፦ በማስታወቂያው መሠረት ባቡሩ በጣቢያችን ለመጨረሻ ጊዜ የሚቆመው በዚህ ወር መጨረሻ ቀን፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ ነው። እናቴ ቦርሳዋን ይዛ ሦስተኛው ምሰሶ አጠገብ ትቆማለች፣ እኔም ባለ ስድስት ዐምዱን ቅጽ ይዤ እገኛለሁ። ክቡርነትዎ ቢመጡ ደስታችን ወሰን የለውም፤ እንደ ፎቶግራፉ አንድ እግርዎን ብቻ ቢያስገቡም መርሑ ስለሚፈቅድ እቆጥርዎታለሁ። "የጠበቀ" በሚለው ዐምድ ግን ተራ ቁጥር አንድ ከአሁኑ ተይዟል።